የፈረንጅ ቂንጬ፦ የሥነ ምግብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው በዕቅድ አይደለም፤ በአንድ ፌስታል ነው። ጥቅምት ውስጥ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንድ ኪሎ ገደማ ኪንዋ ይዛ መጣች። ከአሜሪካ የመጣች አክስቷ ናት የሰጠቻት። «ቲቸር፣ አክስቴ ሩዝ ትታ ይሄን ነው የምትበላው። ያከሳል፣ ስኳርም ያድናል አለች» አለችኝ። ልጆቹ ከበው አዩት። ከጤፍ ተለቅ፣ ከማሽላ አነስ ያለ፣ ፈዛዛ ፍሬ ነው። ስም ለማውጣት ደቂቃ አልፈጀባቸውም፦ «የፈረንጅ ቂንጬ»።

ስሙ ያምራል እንጂ ልክ አይደለም። ኪንዋ የአንዲስ ተራሮች ምግብ ነው። የቦሊቪያና የፔሩ ገበሬዎች በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ ለሺህ ዓመታት ዘርተው በልተውታል። ሌላው ዓለም ዞር ብሎ ያየው ዘግይቶ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት 2013 እ.ኤ.አ.ን የኪንዋ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። ይህን ስነግራቸው ከኋላ አንዱ «እንደ ጤፋችን ነዋ!» አለ። ዓመቱን ሙሉ ከዚህች ነገር አልወጣንም።

መጀመሪያ አበሰልነው። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ከሰል አቀጣጠልን፤ አንድ ኩባያ ኪንዋ በሁለት ኩባያ ውኃ ጣድን። በ15 ደቂቃ ውስጥ ውኃውን ጠጥቶ ፈነዳ። ቅቤ ጣል አደረግንበት፤ ሽታው ልብ ያጠፋል። ሁሉም አንድ አንድ ማንኪያ ቀመሰ፤ ከዚያ ዝምታ። ግራዋ የጠጣን ነው የምንመስለው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መታጠብ እንዳለበት አንብቤ ረስቼዋለሁ።

በሳምንቱ በሳህን ውኃ ውስጥ ሲያሹት ነጭ አረፋ ገነፈለ። «ቲቸር፣ እንዶድ ነው እንዴ?» አለች አንዷ። ይህን ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፍ አላገኘችውም፤ ቤታቸው ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ አይታ ነው። መልሱም በከፊል አዎ ነው። የኪንዋን ፍሬ የሚሸፍነው መራራ ነገር ሳፖኒን ይባላል፤ እንዶድንም የሚያስደፍቀው ይኸው የሳፖኒን ቤተሰብ ነው። ተክሉ በወፍና በነፍሳት እንዳይበላ ይከላከልበታል። ከዚያ ወሬው ወደ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሄደ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያሳዩት ሳይንቲስት ናቸው። ክፍለ ጊዜው በዚሁ አለቀ። ኪንዋው ሳይበስል ቀረ፤ አልቆጨኝም።

አረፋው እስኪጠፋ ታጥቦ ሲበስል ግን ጥሩ ምግብ ነው። ለስለስ ያለ የለውዝ ቃና አለው።

«ለጤና ምን ይጠቅማል?» ለሚለው ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፈን ኪንዋንና ጤፍን ጎን ለጎን ጻፍናቸው። በ100 ግራም ጥሬ ኪንዋ ውስጥ 14 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 7 ግራም አሰር (ፋይበር)፣ 4.6 ሚሊግራም ብረት አለ። ማግኒዥየሙም 200 ሚሊግራም ይጠጋል። ጤፍ ደግሞ 13 ግራም ፕሮቲን፣ 8 ግራም አሰር፣ 7.6 ሚሊግራም ብረት ተመዝግቦለታል፤ በካልሲየምማ ኪንዋን ብዙ ያስከነዳዋል። ሁለቱም ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን የላቸውም፤ ስንዴ ለማይስማማው ሰው ይሆናሉ። ልጆቹ እንደ ኳስ ጨዋታ ለጤፍ አጨበጨቡ። ጭብጨባውን ማቆም ግን ነበረብኝ። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ ሰውነታችን ያን ሁሉ አይጠቀምበትም። የሊጡ መቡካት ግን ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሰዋል። ለእርሾ ያጨበጨበ ግን አልነበረም።

ኪንዋ በእውነት የሚያሸንፍበት ቦታ የፕሮቲኑ ጥራት ነው። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ውስጥ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ዘጠኝ አሉ፤ ከምግብ ነው የምናገኛቸው። ስንዴና በቆሎ ላይሲን በተባለው በጣም ደካማ ናቸው፤ ጤፍ ከእነሱ ቢሻልም ብዙ አይመካም። ኪንዋ ግን ዘጠኙንም በደህና መጠን ይዟል። ሥጋና ወተት ለማይበላ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንዲት ልጅ «እና ስንጾም ምን ሆነን ነው የማንታመመው?» አለች። መልሱ ሽሮ ነው። ሽምብራ፣ አተርና ምስር ላይሲን ሞልቷቸዋል፤ የሚጎድላቸው ሜቲዮኒን የተባለው ሌላው አሚኖ አሲድ ነው፤ እሱን እህሉ ይሸፍንላቸዋል። እንጀራ በሽሮ ሁለት ሆነው የሚሠሩትን ኪንዋ ብቻውን ይሠራል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ከዚያ ከታቦር ሰፈር የሚመጣ ልጅ «ቆጮስ?» አለ። እውነቱን ነገርኩት። ቆጮ የሚሠራበት እንሰት ዋናው ሀብቱ ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። አያቱ ቆጮውን ከወተትና ከጎመን ጋር የሚያቀርቡት ለጣዕም ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባው።

የአክስትየዋን «ስኳር ያድናል» ግን አላለፍነውም። አንድ ልጅ ስኳር ያለባቸው አያት አሉት፤ ኪንዋው ለእሳቸው ይሰጥልኝ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ኪንዋ አሰርም ፕሮቲንም ስላለው ከነጭ ሩዝና ከነጭ ዳቦ ይልቅ የደም ስኳርን ቀስ አድርጎ ነው ከፍ የሚያደርገው። ይህ ጥቅም ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም። አንድ ኩባያ የበሰለ ኪንዋ 39 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትና 220 ገደማ ካሎሪ አለው፤ በሰፊ ሳህን ከተበላ ያወፍራል እንጂ አያከሳም። ልጁ አያቱ እንክብላቸውን እንዳያቆሙ ሦስት ጊዜ አስምዬ ላክሁት፤ ከአንድ ኩባያ ኪንዋ ጋር።

ከሁሉ በላይ ጠብ ያስነሳው ጉዳይ ሻይ ነው። ጠዋት ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና የብረትን መመጠጥ ይቀንሳል፤ ለኪንዋም ለቂንጬም ያው ነው። ሎሚና ቲማቲም በተቃራኒው ያግዛሉ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 የሆኑ ሴቶች በቀን 15 ሚሊግራም ያህል ብረት ያስፈልጋቸዋል፤ ብዙዎቹ ቁርሳቸው በር ላይ የሚገዛ ፓስቲና ሻይ ነው። ሻዩን አንድ ሰዓት አዘግዩት አልኩ። «ቲቸር፣ ፓስቲ ያለ ሻይ እንዴት ይወርዳል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለወላጆች ቀን ሁለት ድስት አቀረብን፤ አንዱ የስንዴ ቂንጬ፣ አንዱ ኪንዋ፤ ሁለቱም በቅቤ። ከወላጅ ብዙው ቂንጬውን ደገመ። አንዲት እናት ግን ኪንዋውን ቀምሰው «ይሄ አሉማ አይደለም?» አሉ። አሉማ ጓሮ ውስጥ የሚበቅል፣ ቅጠሉም ፍሬውም የሚበላ ተክል ነው፤ ከኪንዋ ጋር እውነትም ዘመዳሞች ናቸው። እኔ ዓመት ሙሉ ስለ ዘመድ አዝማዱ ሳስተምር አላነሳሁትም፤ እሳቸው በአንድ ጉርሻ ደረሱበት። ዘሩን ከገጠር አስመጣላችኋለሁ ብለዋል።

የተከልነውን ሳልነግራችሁ። ኅዳር ላይ አንድ እፍኝ ኪንዋ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ዘርተን ነበር። በሳምንት ውስጥ ብቅ አለ። አብሮት ደግሞ አመድማዶ በቀለ፤ ያ ሁልጊዜ የምንነቅለው አረም የኪንዋ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቡቃያቸው ደግሞ ቁርጥ አንድ ነው። ልጆቹ አጎንብሰው ቢለኩም ቢያሸቱም መለየት አልቻሉም። ሰኞ ስንመጣ ጥበቃችን ጋሼ መደቡን ጥርግ አድርገው አርመውታል። «አመድማዶ ወርሶት ነበር፣ ገላገልኳችሁ» አሉን፤ አመስግነን ተመለስን።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ በቀረችው ፍሬ ድጋሚ ዘራን። በዚህኛው ዙር በየመስመሩ ጫፍ ቀይ ክር ያሰርንበት እንጨት ተክለናል። ጋሼ መጥተው ክሩን ዳስስ፣ ቡቃያውን ትክ ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ ይሄ ይቅር» አሉ። «ግን መምህር፣ ከክሩ ማዶ ያለውስ የማን ነው?»