እድራችን ድንኳን አለው፣ አሻንጉሊት ግን የለውም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

አምና ክረምት ላይ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ነበር። ከእኔ አምስት ስድስት ሰው ቀድሞ የቆመ ጎልማሳ ሰው፣ ምንም ሳይናገር፣ እንደ ጆንያ ዘጭ አለ። ሰልፉ ወዲያው ፈረሰ። መገናኛን ለሚያውቅ ሰው፣ እዚያ ሰልፍ በዋዛ አይፈርስም።

ሁሉም ሮጦ መጣ። ይህ ይሰመርልኝ። አንዲት ሴት የያዘችውን የታሸገ ውሃ ፊቱ ላይ አፈሰሰች። ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘለት። "አየር ስጡት! ዞር በሉ!" እያሉ የሚጮኹት ራሳቸው አየሩን ዘግተው ቆመዋል። አንድ ወጣት የሰውየውን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ቤተሰብ ሊፈልግለት ይታገላል። እኔስ? ጫማውን አወለቅኩለት። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ሰውየው ከጉሮሮው እየተንኮራፋ የሚወጣ ትንፋሽ አንዴ ሳበ። ቆየና ደግሞ ሌላ። አንድ አዛውንት "በቃ፣ እያጣጣረ ነው" ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ብዙ ከቆየን በኋላ ተሸክመን ሚኒባስ ውስጥ አስገባነው፤ ወንበር ላይ አጥፈን። ሆስፒታል ሲደርሱ ሕይወቱ አልፎ እንደነበር በማግስቱ አብሮ የሄደው ረዳት ነገረኝ።

"ሰው ጨክኗል፣ ሰው ወድቆ እያየ ያልፋል" የሚል ወቀሳ አሁን አሁን በየቦታው አነባለሁ። እኔ በበኩሌ አልቀበለውም። እዚያ ቦታ ቢያንስ ሠላሳ ሰው ነበር፤ ማንም ጥሎ አልሄደም። ከሠላሳችን አንዳችንም ግን ሰውየው የሚያስፈልገውን ነገር አላደረግንለትም። ስላላወቅን ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ መሥሪያ ቤታችን የግማሽ ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና አዘጋጀ። ሲፒአር የሚባለውንም፣ ማለትም ልቡ የቆመን ሰው ደረት እየተጫኑ መርዳትን፣ ያየሁት እዚያ ነው። እጅና እግር የሌለው አንድ የላስቲክ መለማመጃ አሻንጉሊት ወለል ላይ ተጋድሟል። እኛ እንስቃለን። አሠልጣኟ ነርስ ግን ስለ አተነፋፈስ ስታስረዳ ሳቄ ጠፋ። ልብ ድንገት ሲቆም፣ ለተወሰኑ ደቂቃዎች እንዲህ እየተቆራረጠ፣ እየተንኮራፋ የሚወጣ ነገር ሊኖር ይችላል አለች። ትንፋሽ ይመስላል እንጂ ትንፋሽ አይደለም። ልቡ ቆሟል፤ አንጎሉ ግን ገና አልሞተም። ሥራ የሚጀመረው ያኔ ነው።

ማለትም የእኛ "እያጣጣረ ነው"። እኛ ቃሉን ለስንብት ነው የምንጠቀምበት። ስንሰማው ኮፍያ እናወልቃለን። እሷ ደግሞ ስትሰሙት ጃኬታችሁን አውልቁና ተንበርከኩ ነው የምትለው።

ክብሪቱንም አነሳችብን። ልብ ሲቆም ሰውነት ለጥቂት ሰከንድ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። እኛ ያንን እናይና "የሚጥል በሽታ ነው" ብለን ክብሪት ፍለጋ እንሯሯጣለን። ውሃውም፣ ክብሪቱም፣ ጫማ ማውለቁም ለቆመ ልብ አይሠሩም።

የሚሠራው ይሄ ነው። ትከሻውን ነቅንቃችሁ ትጠሩታላችሁ። ካልመለሰ፣ ትንፋሹም የሌለ ወይም እንደዚያ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ አንድ ሰው ለይታችሁ "አንተ፣ ደውል!" ትሉታላችሁ፤ ወደ ቀይ መስቀል 907 ወይም ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። "አንድ ሰው ይደውል" ካላችሁ ማንም አይደውልም። ሰውየውን ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ፣ የአንድ እጃችሁን መዳፍ ሥር ደረቱ መካከል፣ አጥንቱ ላይ ታሳርፋላችሁ፤ ሌላውን እጅ ከላይ። ክርናችሁን ሳታጥፉ፣ በሰውነታችሁ ክብደት፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ትጫናላችሁ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። በእያንዳንዱ ጭነት መሃል ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። ሲደክማችሁ፣ ደግሞ በጣም ይደክማል፣ በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። አፍ ለአፍ መተንፈሱን የሚጠየፍ ወይም ያልሠለጠነ ሰው ድንገት ለወደቀ አዋቂ ደረቱን ብቻ ቢጫን ይበቃል። ለሕፃናትና ውሃ ውስጥ ለሰጠመ ሰው ግን አየሩም ያስፈልጋል።

ይህ ሳይደረግ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አምቡላንሱ የቱንም ያህል ቢፈጥን የመገናኛን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሰውየውን መኪና ላይ መጫናችንም ቢሆን ፍቅር ነው፤ ግን ወንበር ላይ ታጥፎ የተቀመጠን ሰው ደረት ማን ይጫንለታል?

ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ጎድኑን ብሰብረውስ?" ብሎ ጠየቀ። ሊሰበር ይችላል። የተሰበረ ጎድን ይጠገናል፤ የቆመ ልብ ግን አይጠብቅም። ሌላው በሹክሹክታ "የማላውቃትን ሴት ደረት በአደባባይ እንዴት ነው የምነካው?" አለ። ክፍሉ ፀጥ አለ፤ ሁላችንም ልባችን ውስጥ ያለው ጥያቄ ነበራ። ነርሷ አልተቆጣችም። "ሴቶቹ ዙሪያዋን ይቁሙ፣ ነጠላም ጣል ያድርጉባት። የአንተ እጅ ግን አይቁም" አለችው። በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶችም በአደባባይ የወደቀች ሴት ከመንገደኛ የምታገኘው እርዳታ ወንድ ከሚያገኘው ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። እኛ ጋ ነጠላው ስላለ ቢያንስ ሰበብ የለንም።

ሦስተኛው ፍርሃት ፖሊስ ጣቢያ ነው። "ብነካውና ቢሞትብኝ ጣጣው ለእኔ ነው" የማይል ሰው አላገኘሁም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ግን የሚለው ሌላ ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ በራስም ሆነ በሌላ ላይ ጉዳት ሳይደርስ መርዳት እየተቻለ፣ ሆን ብሎ ሳይረዱ መተው ያስቀጣል። ሕጉ የሚቀጣው አለመርዳትን ነው፤ ሰዉ የሚፈራው ደግሞ መንካትን። እዚህ ላይ የእናንተን ውለታ እጠይቃለሁ። አንድ የሕግ ባለሙያ አነጋግራችሁ፣ በቅን ልቦና ደረት የተጫነ መንገደኛ ምን ሊደርስበት እንደሚችልና እንደማይችል በግልጽ ጻፉልን። በአሉባልታ ከመፍራት ይሻላል።

ኳስ የምታዩ ሰኔ 2013ን አትረሱትም። የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ከፊንላንድ ጋር ሲጫወቱ ሜዳ ላይ ወደቀ። ሰፈራችን ኳስ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ነበር። የሕክምና ቡድኑ ወዲያው ደረቱን ተጫነለት፣ በኤሌክትሪክ ልቡን አስነሱለት። ልጁ ተመልሶ ኳስ ተጫወተ፤ ኳታር ላይ የዓለም ዋንጫም ተሰለፈ። እርግጥ እነዚያ ባለሙያዎች ናቸው። እኔን የገረመኝ ሌላው ዴንማርክ ነው፤ ስታዲየም ውስጥ ያልነበረው። እዚያ አገር ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲፒአር በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ በሕግ ተወሰነ፤ ቀጥሎ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡም ግዴታ ሆነ። ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከቆመባቸው 100 ሰዎች መካከል አምቡላንስ ሳይደርስ መንገደኛ የረዳቸው በዚያው አቆጣጠር በ2001 ወደ 21 ነበሩ፤ በ2010 ወደ 45 ደረሱ። ከወር በኋላ በሕይወት የተገኙትም ከመቶ 4 ከማይሞሉ ወደ 11 ገደማ ከፍ አሉ። ሥልጠናው ብቻውን አይደለም ይህን ያመጣው፤ ሌላም ሌላም ተሻሽሏል። ቢሆንም ዴንማርኮች ከእኛ የበለጠ ሩኅሩኅ ስለሆኑ ነው ብላችሁ አታሳምኑኝም።

እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ስለ ልብ የተማርኩት ነገር ትዝ አይለኝም። የመንጃ ፈቃዱንና የትምህርት ቤቱን ጉዳይ ለሚመለከታቸው ልተወው። እኔ የማውቀው እድር ነው፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ።

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አነሳሁ። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ብረት ድስት አለን፣ ጡሩምባ ነፊም አለን። በወር አንዴ መቶ ምናምን ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ቀይ መስቀላችን የመጀመሪያ እርዳታ ያሠለጥናል፤ አንድ እሑድ እንጥራቸው፣ አቅም ካለን ደግሞ አንድ አሻንጉሊት ገዝተን እናስቀምጥ አልኩ።

ሊቀመንበራችን ሳቁ። "ልጄ፣ እድር እኮ ለቀብር ነው የተቋቋመው" አሉ።

ከኋላ አንዲት እናት፣ "ታዲያ ትንሽ ቢዘገይብን ምን አለበት?" አሏቸው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ገንዘብ ያዣችን ግን አልሳቀም፤ አሻንጉሊቱ ከአንድ ደርዘን ሳህን ይወደድ እንደሆነ ጠየቀኝ። አጣርቼ እንድመጣ ተነገረኝ። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሦስተኛው አጀንዳ ነው፤ ከድንኳኑ ጥገናና ከውዝፍ መዋጮ ቀጥሎ።

አክባሪያችሁ
አንድ የእድር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ