ከፊቱ ቆሜ ነበር

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? አምስት ዓመት ሊሞላን ነው መሰለኝ። እናትህ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? እኔ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች። ስንቴ ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ መልሼ እንዳስቀመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ወር ዝም ካልኩ በኋላ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ፣ ከዚያ ወሩ ዓመት ሆነ።

የምጽፍልህ ስለ ባሮኑ ነው። አዎ፣ ስለዚያች ሌሊት።

በ2020 ሰመር፣ ሁላችንም ቤት ተዘግቶብን፣ አንተ ከሲያትል እኔ ከዚህ ዋው ክላሲክ የሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ላይ የምናድርበት ጊዜ ነበር። ስትራትሆልም የሚባለው የሙታን ከተማ ገብተን በ45 ደቂቃ ውስጥ አለቃውን ባሮን ሪቨንዴርን ካልገደልን እስረኛዋ ይሲዳ ትሞታለች። አምስት ሰው ነን። ጊዜ እያለን ደረስንበት፣ የምታክመን ሂለሯም የማከሚያ ማና ነበራት፣ ግን ገና ግማሽ ደሙን ሳናወርድ ታንካችን፣ ምቱን ሁሉ የምትቀበልልን አንተ፣ ወደቅክ። እኔ ደግሞ ሁሉም እየሰማ «ታንኩ ነው ያስበላን» አልኩ። አንተ አንዲት ቃል አልመለስክም። ወጣህ። በማግስቱም አልገባህም።

ያስበላሁት እኔ ነኝ። ይኼ ዘንድሮ ነው የገባኝ።

ያኔም የምጫወተው ሮግ፣ ተደብቆ የሚወጋውን ተዋጊ፣ ነበር፤ ሰይፍ ነበር የምይዘው። ሲኒስተር ስትራይክ የሚባለው ምቴ ደግሞ ከየትም ብትቆም ይመታል፣ ጀርባ አይጠይቅም። ባሮኑ ዙሪያውን የሚበትነው ጎጂ ኦራ የትም ብትሆን ስለሚያገኝህ ቦታ ለውጥ የለውም ብዬ አንተ አጠገብ ፊት ለፊቱ ቆሜ እቀጠቅጠው ነበር። አንተ ሁለቴ «ከኋላው ሂድ» ብለኸኛል፣ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ለራሴ ያዘንክልኝ መስሎኝ «ደህና ነኝ» አልኩህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦስ፣ እንደ ባሮኑ ያለ ዋና ጠላት፣ ከፊቱ የመጣን ምት በመሣሪያው ይመክታል፤ ከጀርባው የመጣውን ግን መመከት አይችልም። ሲመክት ደግሞ የእኔ ምት ባክኖ ብቻ አይቀርም። የሚቀጥለው የራሱ ምት ይፈጥናል፣ የአንድ ምት ጊዜ እስከ 40 በመቶ ድረስ ይቀነስለታል። ያ የፈጠነ ምት የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ታንኩ ላይ። አንተ ላይ። እኔ በሁለት ሰይፍ ቶሎ ቶሎ ስመታ እሱ ይመክታል፣ በመከተ ቁጥር ምቱን ያፋጥንብሃል። ሂለሯ ሂል አድርጋ ሳትጨርስ ሁለት ምት ተከታትሎ የገባብህ ለዚህ ነው። ጋሻህ ምንም ጉድለት አልነበረበትም።

ይኼን ያወቅኩት በኖቬምበር 2024 በተከፈቱት አዲሶቹ ሰርቨሮች ላይ እንደገና ሮግ ስጀምር ነው። ሆን ብዬ ዳገር፣ ጩቤ፣ ያዝኩ። ባክስታብ የሚባለው ምት ዳገር ካልያዝክና ከጀርባ ካልሆንክ አይሠራም፣ ስለዚህ ሳትወድ በግድህ ስለ ቦታ ታስባለህ። እና ወንድሜ፣ ሌላ ጨዋታ ነው!

ጋውጅን አስታውስ፣ ጠላትን ለጥቂት ሰከንድ የምናደነዝዝበትን። እሱ የሚሠራው ጠላት ፊቱን ወዳንተ ሲያዞር ነው፣ ባክስታብ ደግሞ ከጀርባ። በሁለቱ መሀል አራት ሰከንድ አለህ። ኢነርጂህ፣ ለምት የምትከፍለው ጉልበት፣ 65 ሆኖ ጋውጅ ስታደርግ 45 ይበላና 20 ይቀርሃል። በየሁለት ሰከንዱ 20 ይመለሳል፣ ሁለቴ ሲመለስ 60። ባክስታብ የሚፈልገው ልክ 60 ነው! በዚያች አራት ሰከንድ ውስጥ ተረጋግተህ ትዞራለህ፣ ምንም አትነካም። ጋውጅ ራሱ መምታትህን ያቆምልሃል፣ አንተ ቸኩለህ የመምቻውን ቁልፍ እንደገና ካልተጫንክ በቀር። መርዝ ወይም ደም የሚያፈስ ነገር ቀድመህ ለጥፈህበት ከሆነ ግን ሳትደርስ ይነቃብሃል። እኔ ስንቴ ከጀርባው ደርሼ ልወጋ ስል በራሴ መርዝ ነቅቶ ዞሮብኛል። አሁን ሳልጀምር በፊት የትኛውን መርዝ እንደቀባሁ አያለሁ።

ጀርባ ማለት ደግሞ ልክ ከጭራው ላይ ማለት አይደለም። ከትከሻው መስመር ወደኋላ ያለው ግማሽ ክብ በሙሉ ጀርባ ነው። እኔ የምቆመው ከኋላ እግሩ አጠገብ፣ ጥግ ላይ ነው። ድራጎኗ ኦኒክሲያ ጋ ይኼ ነፍስ ያድናል፤ ከፊት እሳቱ አለ፣ ከኋላ ጭራዋ ጠርጎ እንቁላሎቹ ውስጥ ይወረውርሃል። ታፋዋ ጋ ያለ ሰው ግን ሥራውን ይሠራል። ስትዞርም ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ።

ብቻዬን ስሆንና ሁለት ሦስት ሲመጡብኝ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ የራሴን ጀርባ ነው የምጠብቀው። ኢቬዥን፣ ምት የምናመልጥበት ችሎታ፣ ከጀርባ ለሚመጣ ምት አይሠራም! ድሮ ተጭኜው እየሮጥኩ ስሞት «ተበላሽቷል» እልህ ነበር አይደል? ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። ከጀርባ ሲመቱህ ደግሞ አንዳንዴ ትደነዝዝና እርምጃህ ይዘገያል። አሁን ግድግዳ ፈልጌ ጀርባዬን እሱ ላይ አደርግና ሁሉንም ከፊቴ እሰበስባቸዋለሁ።

ዲስትራክትንም መውደድ ጀምሬያለሁ። ድሮ በተን ላይ እንኳ አላስቀመጥኩትም ነበር። መሬት ላይ ትወረውረዋለህ፣ ጠባቂዎቹ ለ10 ሰከንድ ወደዚያ ይዞራሉ፣ አንተ በስቴልዝ ተሰውረህ ከኋላቸው ትሄዳለህ። ፊት ለፊት ቶሎ ያዩሃል፣ ከኋላ ግን በጣም መቅረብ ይቻላል።

ባለፈው ሳምንት ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ባሮኑ ጋ ሄድን። ታንኩ ገና ልጅ ነው፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከኋላ እግሩ ጋ ቆምኩ። አንድም ጊዜ አልመከተኝም፣ የልጁ ደምም ሳይንገጫገጭ ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው። ይሲዳን አወጣናት። ሁሉም ሲጮሁ እኔ ዝም ብዬ ያቺን ሌሊት አስብ ነበር።

ይቅርታ አድርግልኝ። ያኔ በሰው ፊት ነው የተናገርኩህ፤ የዚያን ሌሊት የነበሩት ልጆች ሁለቱ አሁንም ዲስኮርድ ላይ አሉ፣ ለእነሱም ይኼንኑ ነግሬያቸዋለሁ።

ያ ዋሪየርህ አሁንም አለ? ከሌለም ግድ የለም፣ ከአንድ ሌቭል አብረን እንጀምራለን። ቅዳሜ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ እገባለሁ። ስልኬ ያው ነው፣ አልቀየርኩትም።