ቁጥሩን ድልድዩ ላይ ለጥፉልን

ይድረስ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣

ጤና ይስጥልን። የምጽፍላችሁ ከአራት ኪሎ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ የወንዞቻችን የመለኪያ ውጤት ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይለጠፍልን።

የወንዝ ዳር ልማቱን አይተናል፣ ደስ ይላል። ዳሩ አምሯል፤ አሁን የቀረን መሃሉን ማወቅ ነው። መናፈሻ ገብቶ ፎቶ የሚነሳ ሰው "ይሄ ውሃ ግን ንጹህ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው አፍንጫው ብቻ ነው። አፍንጫ ደግሞ እንደ እርሳስና ክሮሚየም ያሉ መርዛማ ብረቶችን አያሸትም።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ ቢሆን ባልጮህኩ። ቀበና ከእንጦጦ ወርዶ ትልቁ አቃቂን ይቀላቀላል፣ በምዕራብ በኩል የሚመጣው ትንሹ አቃቂም አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኘዋል፣ ከዚያ ወዲያ አዋሽ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይገባም፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የለቀቅነው ሁሉ እዚያው ተፋሰሱ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ገና ከተማውን ሳይለቅም ጎመንና ሰላጣ ይጠጣበታል። ያንን ጎመን የምንበላው እኛው ነን።

አንድ አደራ አለኝ። ክትትል ሲባል በክረምት አንዴ ጠርሙስ ነክሮ መሄድ እንዳይሆን። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ስለሚያቀጥነው ከፋብሪካና ከሽንት ቤት የሚለቀቀው ነገር ቀላል መስሎ ይታያል። ጉዱ የሚወጣው በበጋ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ወንዙ ሲሳሳና ፍሳሹ ሲበዛ ነው። በክረምት ደግሞ የሚያስጨንቀን የወንዙ ውሃ ከፍታ ነው። ጣሪያና አስፋልት ውሃ አያሰርግም፤ ላይ እንጦጦ ከጣለ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ላይኛው ተፋሰስ ላይ የሚያስጠነቅቅ መለኪያ ካለ ወንዝ ዳር የምትኖር እናት ልጆቿን ይዛ ለመውጣት ጥቂት ደቂቃ ታገኛለች።

ቅንጡ ነገር አልጠየቅንም። የድልድዩ ምሰሶ ላይ በቀለም የተሰመረ ሜትር፣ አደጋው የሚጀምርበት ላይ ቀይ መስመር፣ አጠገቡ ደግሞ የተለካበት ቀንና ውጤቱ በአማርኛ የተጻፈበት ሰሌዳ። ቀበና ድልድይ ላይ ሞክሩት፣ አንባቢ አታጡም። ሥራው ከከተማው አካባቢ ጥበቃ ጋር የሚያገናኛችሁ ከሆነም እናንተው ተነጋገሩበት፤ እኛን ከቢሮ ቢሮ አታመላልሱን።