የፓድል ቦርድ ሰርፊንግ ክበብ፦ ትልልቆቹን ቦርዶች ያስቀመጥንበት ዓመት

ዓምና በዚህ መጽሔት ያወጣነው ዘገባ የክበቡ አባላት በሙሉ፣ ቦርድ ላይ ቆመው በረጅም መቅዘፊያ እየቀዘፉ፣ ሞገድ ጋልበው እስከ ዳር መምጣት እንደቻሉ የሚገልጽ ነበር። እውነት ነው፣ ችለዋል። ነገር ግን ቀጥ ብሎ ወደ ዳር መምጣትን የሚሠራው ሞገዱ ነው፤ የጋላቢው ድርሻ አለመውደቅ ብቻ ነው። ፍጥነትን ጠብቆ ወደፈለጉበት መታጠፍ፣ ከነጩ አረፋ ቀድሞ መሸሽና መልሶ ወደ እሱ መዞር ሌላ ትምህርት ነው። ዘንድሮ አዲስ አባል ሳንመዘግብ ነባሮቹን ይዘን የሠራነው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ትልልቆቹን ቦርዶች ወደ ዕቃ ክፍል መለስናቸው። ጀማሪ የሚማርበት ቦርድ ርዝመቱ 10 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ስፋቱ 32 ኢንች አካባቢ ነው። ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ አይጥልም፤ በዚያው ምክንያት ግን ጠርዙ ውሃውን ስለማይነክስ እንደልብ አይታጠፍም። ለሞገድ ተብለው የሚሠሩት በአብዛኛው ከ9 ጫማ በታች ናቸው፤ ጠበብ ብለው ጭራቸውም ቀጠን ይላል። ከርዝመቱ በላይ መታየት ያለበት ደግሞ ይዘቱ ነው፤ 1 ሊትር ይዘት 1 ኪሎ ገደማ ክብደት ያንሳፍፋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ 150 ሊትር ቦርድ ላይ ወሬ እያወራ መቆም ይችላል። 85 ሊትር ላይ ሲወጣ ግን አብዛኛው የቦርዱ አካል ውሃ ውስጥ ይገባል፤ መቅዘፍ ባቆመ ቁጥርም ቦርዱ ይከዳዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓምና ያለችግር ይጋልቡ የነበሩ ልጆች ደጋግመው ወደቁ። «ቲቸር፣ እኛ እኮ ወደ ኋላ ነው የሄድነው» ያሉኝ ጥቂት አይደሉም። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ትልቁ ካልተመለሰልኝ አልመጣም» ብሎ አኩርፎ ቀርቶም ነበር። ተመልሷል፤ አሁን ትልቁን ስጡኝ የሚል አልሆነም።

መፍትሔው ያለው እግር ላይ ነው። ትልቅ ቦርድ ላይ ሁለቱም እግሮች ጎን ለጎን ሆነው ጣቶቻቸው ወደ ፊት ያያሉ። ትንሹ ላይ እንዲህ የቆመ ሰው ከጎን የሚመጣውን ንቅናቄ ይቋቋማል፤ ከፊት ሞገድ ሲመታው ግን ወደ ኋላ ይገለበጣል። አንዱን እግር ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ ለሁለቱም አቅጣጫ ያገለግላል። ሞገዱ ሲይዝም ያ እግር ወደ ጭራው ለመንሸራተት የሚቀረው መንገድ አጭር ነው።

ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ የወሰደብን፣ ሳልደብቅ ልናገርና ከሁሉም የተሰለቸውም፣ ፒቮት ተርን ነው። ጋላቢው ወደ ጭራው ይራመዳል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ የቦርዱ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከዚያ በጥቂት ሰፊ ቅዝፊያዎች ቦርዱ በጭራው ላይ ይሽከረከራል። ይህን ለወራት ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ስናደርግ ልጆቹ ሞገዱን እያዩ ያቃስቱ ነበር። እኔ ግን ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም። ሞገድ የሚጠበቀው ፊትን ወደ ባሕሩ አዙሮ ነው፤ የሚጋለበው ወደ ዳር ዞሮ ነው። በመካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። መዞር የማይችል ሰው ገና ሩቅ ሳለ ለመዞር ይገደዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስለማያይ የተሰጠውን ሞገድ ይቀበላል እንጂ አይመርጥም። በእኔ እምነት በጀማሪና በላቀ ጋላቢ መካከል ያለው ልዩነት ግማሹ ሞገዱ ከመድረሱ በፊት ያልቃል።

ይህን እምነት የፊዚክስ መምህራችን በቁጥር አስደገፉልኝ። እሳቸው ውሃ ውስጥ ለመግባት ፈቃደኛ ባይሆኑም የሰጡን ማብራሪያ ከብዙ ልምምድ በልጧል። ልጆቹ የባሕር ትንበያ ሲያዩ ዓይናቸው የሚያርፈው የሞገዱ ከፍታ ላይ ብቻ ነበር። በሁለት ሞገዶች መካከል ያለው ጊዜ ግን የበለጠ ይናገራል። ጥልቅ ውሃ ላይ የሞገድ ፍጥነት በሜትር በሰከንድ 1.56 ሲባዛ በዚያ ጊዜ ነው። ስለዚህ የ8 ሰከንድ ሞገድ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር፣ የ14 ሰከንዱ ወደ 79 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከፍታቸው እኩል ሆኖ ቢተነበይም ባለ 14 ሰከንዱ ዳር ሲደርስ የሚነሳው ከፍ ብሎ ነው፤ በአንዱ ሞገድና በሚከተለው መካከል ያለው ዕረፍት ግን ረዘም ስለሚል ወደ ውስጥ ለመቅዘፍ ጊዜ ይሰጣል። ሞገድ የሚሰበረው ደግሞ ጥልቀቱ የከፍታውን 1.3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። ይህን የተረዱ ልጆች «ዛሬ የት እንጠብቅ?» ብለው እኔን መጠየቅ ትተው ውሃውን ማየት ጀመሩ።

ነፋስን በተመለከተ ከተኝቶ ቀዛፊዎቹ፣ ማለትም ቦርዳቸው ላይ ተኝተው በእጃቸው ከሚቀዝፉት ሰርፈሮች፣ ጋር አንስማማም። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ የሞገዱን ፊት አቁሞ ስለሚያለሰልስ እነሱ ደስ ይላቸዋል። ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ግን አካሉ ሸራ ነው፤ ያው ነፋስ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ነፋሱ ሲበረታ ሞገዱ ምንም ያህል ቢያምር አንወጣም፤ መመለስ ያቃተው ሰውም ተንበርክኮ ወይም ተኝቶ ይቀዝፋል።

ወደ መቅዘፊያው ልለፍ። ለረጅም ጉዞ ከቁመት 20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መቅዘፊያ ይመረጣል። ሞገድ ላይ ጉልበት ስለሚታጠፍ ያ ርዝመት ያደናቅፋል፤ እኛ ወደ ቁመታችን አካባቢ አሳጠርነው። ሞገዱ መግፋት ሲጀምር ልጆቹ ቅዝፊያቸውን ወዲያው ያቆሙ ነበር፤ «ሁለት ጨምሩ» የሚለው ጩኸቴ በትምህርት ቤቱ መቀለጃ ሆኗል። ቦተም ተርን ላይ፣ ማለትም ከሞገዱ ግርጌ በሚደረገው መታጠፍ፣ መቅዘፊያው በመታጠፊያው በኩል ውሃው ላይ ያርፋል፤ ጋላቢው ክብደቱን ከፊሉን ይጥልበትና አካሉ በእሱ ዙሪያ ይዞራል። ከትባክ ላይ፣ ማለትም መልሶ ወደ ነጩ አረፋ በሚደረገው መዞር፣ ደግሞ እጅ የሚቀየረው ቦርዱ መዞር ሳይጀምር ነው። የዓለም አቀፉ ሰርፊንግ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሚያካሂደው የዓለም ሻምፒዮና ዳኞች መቅዘፊያው መታጠፉን ምን ያህል እንዳጠናከረው ያያሉ። ስፖርቱ በ2019 በሊማው የፓን አሜሪካ ጨዋታዎችም ገብቶ ስለነበር የእነዚህን ውድድሮች ቪዲዮ አብረን ተመለከትን፤ ከዚያ የራሳችንን። ሁለተኛው የበለጠ ጠቀመን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ማን እንደሆነች ክፍሏ ያውቃታል፣ ጀርባዋን ለሞገዱ ሰጥታ ስትታጠፍ ሁልጊዜ ትወድቅ ነበር። ቪዲዮው ላይ ዓይኗ የቦርዱ አፍንጫ ላይ ተተክሎ አየነው። ትከሻዋን አዙራ ወደ ሞገዱ ጫፍ ማየት ስትጀምር እግሯ ላይ ምንም ሳንነካ መታጠፍ ቻለች።

ስለ ሥነ ምግባር የጠበቅሁት ብዙ ነው። ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ሞገዱን ከሩቅ ያያል፣ ቀድሞም ይይዛል፤ ካልታረመ የሁሉንም ሞገድ ይወስዳል። ለሚሰበረው ጫፍ የቀረበ ሰው ቅድሚያ አለው፤ እኛም አንድ ከያዝን በኋላ ለተኝቶ ቀዛፊዎቹ እንለቃለን፣ ወደ ውስጥም የምንመለሰው በዳር ዞረን ነው። ቦርድ መወርወር ክልክል ነው። የ9 ጫማ ቦርድ ከ9 ጫማ የቁርጭምጭሚት ገመድ ጋር ሲደመር 5.5 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ገመዱም ይለጠጣል። በዚያ ክልል ያለ ሰው ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ይህን ደንብ የጣሱ ሁለት አባላት የቀኑን ልምምድ ከዳር ሆነው ቪዲዮ በመቅረጽ አሳልፈዋል።

ለሚቀጥለው ዓመት ከትባክ በደካማው ጎን ገና ይቀረናል፤ ከአባላቱ አብዛኞቹ እጅ የሚቀይሩት ዘግይተው ነው። ከ80 ሊትር በታች የሆነ ቦርድ ለቀላል ክብደት ተማሪዎች ያስፈልገናል፤ ጥያቄው ለአስተዳደሩ ቀርቧል። የጀማሪዎች ምዝገባ በትምህርት መክፈቻ ይጀመራል። መዋኘት የማይችል አይመዘገብም። ፒቮት ተርንን የሚያስተምሯቸው የዘንድሮዎቹ አባላት ናቸው፤ ትልልቆቹም ቦርዶች ከዕቃ ክፍል ይወጡላቸዋል።