ግዕዙን ማን በላው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአይሁድ ጥናት ዘርፍ ቦታ ላጡ ወጣት ምሁራን ስለሚሰጠው የአማካሪነት ፌሎሺፕ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብበናል። ስለ ገንዘቡ የጻፋችሁትን እንተወው። ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ላይ ስትደርሱ ግን «ታሪካቸው በቃል የሚተላለፍ ስለሆነ» ወጣቶቻቸው የጽሑፍ ምርምር መለማመድ አለባቸው አላችሁ። ይቺ «ስለሆነ» ከየት መጣች?

የቤተ እስራኤል ቄሶች ዜማ በቃል ነው የሚያዘው፣ አንክድም። ኦሪቱ ግን በግዕዝ፣ በብራና ላይ ነው። «ተእዛዘ ሰንበት» እና «ሞተ ሙሴ» የተባሉት የግዕዝ መጻሕፍታቸውስ? ፈረንሳዊው ምሁር ጆሴፍ ሃሌቪ ጸሎታቸውን ፓሪስ ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። የሴም ቋንቋዎች ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1951 ድርሳኖቻቸውን ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። የቤተ እስራኤል ተመራማሪው የዣክ ፋይትሎቪች ስብስብ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ጽሑፍ የሌለው ሕዝብ ይህን ሁሉ ከየት አምጥቶ አስወሰደ?

ስህተቷ ጋዜጣ ላይ ብቻ ብትቀር ዝም ባልን። ግን የፌሎሺፑ ተመራማሪዎች ምርጫ ውስጥም ትገባለች። ዕብራይስጥ፣ አራማይክና ይዲሽ በምርምር ቋንቋነት ነጥብ ሲያስገኙ ግዕዝ «ሌላ» ተብሎ ከታለፈ፣ አመልካቿ ዋና ችሎታዋን ይዛ ከዜሮ ትጀምራለች። ካለፈችም ግዕዝ የማያነብ አማካሪ ይመደብላታል። ማን ማንን እንደሚያማክር እናንተው ንገሩን።

ለምን አንባቢ አማካሪ እንዳስፈለገ በአንድ ገጽ እናሳያችሁ። አንዳንዱ ብራና ከክርስቲያን ጸሐፊ እጅ የመጣና ክርስቲያናዊው ስም በቢላ የተፋቀበት ነው። ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት የተፋቀው ቦታ ሻካራና ስስ ሆኖ ይታያል፤ በላዩ የተጻፈ ቀለምም ጠርዙ ይፈሳል። ፊት ለፊት በተነሳ ፎቶ ግን ይህ ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ ከጎን ብርሃን በርቶ ሁለተኛ ፎቶ ይነሳ ማለት፣ የጸሐፊው እጅ የት ላይ እንደተለወጠ ማመልከት፣ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» የሚለው መክፈቻ ከቀሪው ጽሑፍ ጋር አንድ እጅ መሆኑን መመርመር የአማካሪ ሥራ ነው። በወር አንድ ጊዜ በዙም «በርቺ» ማለት ምክር አይባልም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለአንድ ተመራማሪ ሁለት አማካሪ ይመደብ፦ አንዱ የዩኒቨርሲቲውን መንገድ፣ የኅትመቱንና የድጋፍ ደብዳቤውን ነገር የሚያውቅ፤ ሌላው ግዕዙን የሚያነብ፣ ቄስም ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም እኩል ይከፈል። ቄሱን «መረጃ ሰጪ» ብሎ ምሳ ጋብዞ መሸኘት ይቅር። (ፋይትሎቪች የቤተ እስራኤሉን ወጣት ታምራት አማኑኤልን ለትምህርት ወደ አውሮፓ የወሰዳቸው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ስለዚህ ፌሎሺፑን የጠራችሁባትን «ፈር ቀዳጅ» የምትል ቃልም ብትቆጥቧት ደግ ነበር።)

እርማት እንጠብቃለን። ያቺን ዓረፍተ ነገር ፋቋት፤ የእናንተ ገጽ ቢላ አይፈልግም።

ከግዕዝ ጽሑፎች አንባቢዎች