ለክፉ ቀን ስለተቀመጠው ነዳጅ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ሰኔ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ከተጠፋፋን ብዙ ዘመን ሆኖናልና አስቀድሜ የአንተንና የቤተሰብህን ደኅንነት እጠይቃለሁ፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ብዕር ያስነሣኝ የነዳጅ ነገር ነው፤ በዲፖ (በነዳጅ ማከማቻ) ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየህ ሐሳቤን ካንተ በቀር የማካፍለው ሰው አላገኘሁም።

እዚህ ቤንዚን በጋሎን ከ5 ዶላር አልፏል። በታክሲ ለምንተዳደር ሰዎች ይህ ከልጆች ጉሮሮ የሚነጠቅ ገንዘብ ነውና፣ ባልንጀሮቼ «መንግሥት ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ነዳጅ ሁሉ ያውጣ» ሲሉ ምሬታቸው ይገባኛል፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም።

ይህ የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ክምችት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1973 የዐረብ አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ ከከለከሉ በኋላ፣ በ1975 በወጣ ሕግ ነው። በቴክሳስና በሉዊዚያና ምድር ውስጥ በተቦረቦሩ የጨው ዋሻዎች ከ700 ሚሊዮን በርሜል በላይ ይይዛል። ማውጣት ሲያስፈልግ ከሥር ውኃ ይለቀቅና ድፍድፉን (ያልተጣራውን ነዳጅ) ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ያው ውኃ በእያንዳንዱ ጊዜ የግድግዳውን ጨው ስለሚያሟሟው ግን ዋሻው እንደ ጋን ባሻን ቁጥር የምንሞላውና የምንገለብጠው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የነዳጅ ጉድጓዶችንና ማጣሪያዎችን ሥራ ባስቆመ ጊዜ ክምችቱ መከፈቱ ተገቢ ነበር። ባለፈው ኅዳር 50 ሚሊዮን በርሜል እንዲወጣ የታዘዘው ግን አቅርቦት ተቋርጦ ሳይሆን ዋጋ ስለተወደደ ነውና አልደገፍሁትም። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ፕሬዚዳንት ባይደን በመጋቢት መጨረሻ፣ ለስድስት ወራት በቀን 1 ሚሊዮን በርሜል እንዲወጣ ማዘዛቸውን ግን እደግፋለሁ፤ የሩሲያ ነዳጅ ከገበያ ይጠፋል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነበርና። ይሁን እንጂ ዓለም በቀን ወደ 100 ሚሊዮን በርሜል በሚፈጅበት ጊዜ ይህ መጠን ገበያውን ቢያረጋጋ እንጂ ዋጋውን ወደ ድሮው አይመልሰውም። የሚወጣውም ድፍድፍ ነው፤ በወረርሽኙ ጊዜ አንዳንድ ማጣሪያዎች ስለተዘጉ፣ ድፍድፉ ቢትረፈረፍ እንኳ ማደያ እስኪደርስ ሌላ ማነቆ አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ መተካቱ ነው። ዋጋ ሲወርድ ሕዝቡ ይረሳል፣ ምክር ቤቱም ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ የወጣው በምን ጊዜና በምን ዋጋ እንደሚተካ አብሮ በሕግ ሊወሰን ይገባል እላለሁ። የአውሎ ነፋሱም ወቅት ገብቷል።

እናንተ ዘንድስ ነገሩ እንዴት ነው? ነዳጁ በጅቡቲ በኩል የሚገባ እንደመሆኑ መንገዱ ቢዘጋ ዲፖዎቹ ስንት ቀን ያቆያሉ? ዋጋ ሲወደድስ ክምችቱን ማውጣት ተገቢ ነው ትላለህ? ሳትሰለች በዝርዝር ጻፍልኝ።

አክባሪ ወንድምህ