ፏፏቴው ቅርባችን ነው፣ ፌስታላችንን ግን ይዘን እንመለስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሜሪላንድ ስኖር ዓመታት አልፈዋል፣ የፓታፕስኮ ሸለቆ ፓርክን ያየሁት ግን ገና ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ቆጨኝ። ፓርኩ የስቴቱ ነው፣ ወንዙን ተከትሎ 32 ማይል ይዘልቃል። ካስኬድ የሚባለው ፏፏቴ ጢስ ዓባይን ላየ ሰው ትንሽ ነው፤ ግን ዛፍ ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላችሁ ውሃው ሲወርድ ስትሰሙ የሳምንቱ ድካም ጥሏችሁ ይሄዳል፣ ልጆቼም ስልካቸውን ረስተው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ዋሉ።

ወንዙ ላይ ዕድሜው ከ100 ዓመት ያለፈ የኤሌክትሪክ ግድብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አፈረሱት። ዓሣዎቹ ሽቅብ እንዲወጡ ብለው ነው፣ ሰውም ይሰምጥበት ነበር። ለዓሣ ይህን ያህል የሚደከምለት ወንዝ ነው እንግዲህ።

ያሳዘነኝን ልንገራችሁ። አጠገባችን ሲዝናኑ የዋሉ የኛው ሰዎች የተረፈ እንጀራና የውሃ ፕላስቲክ በፌስታል ቋጥረው ወንዙ ዳር ትተው ሄዱ። በሜሪላንድ የስቴት ፓርኮች ደንቡ ሁሉም የራሱን ቆሻሻ ይዞ እንዲመለስ ነው፤ ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም መሰለኝ። እባካችሁ ጋዜጣችሁ ላይ በደንብ ጻፉበት።

የምትሄዱ ደግሞ በጠዋት ውጡ። በበጋ ቅዳሜና እሁድ ቦታው ቶሎ ይሞላና መኪና ከበር ይመልሳሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ